ልል ቁልፍ

ስሜ ሙአዘዝ ነው፤ እንጀራዬ መርፌ፤
ኢስታንቡል፣ ስቱዲዮ፣ ምድር ቤት ነው ደጃፌ።
ከልብሶች መካከል አሥራ ስድስት ዓመት
ሳጥብ፣ ስጠቅም፣ ሳስር፣ ስፈታበት፣
አንድ ጥበብ ለመድሁ ማንም ያላየልኝ፤
ቁልፍ ማላላትን፦
ሸሚዙ ሲሳብ ጊዜ ቶሎ እንዲበጠስልኝ
በአንዲት ክር ብቻ እንዲንጠለጠልልኝ።

«ሰባተኛው ክፍል፣ ትዕይንት አርባ ሁለት።
ዝናብ ነው። ታይላን ይገባል ወደ ቤት።
ሸሚዙ ይቀደድ።» ይላል ወረቀቱ፤
ለምን ይቀደዳል? አልሰፈረም ምክንያቱ።
ባለፈው በእሳት ነው፣ ከዚያ በፊት በጠብ፤
አንዴማ እንዲሁ ነው፣ ሐብሐብ ሲበላ ጠብ
ብሎበት አወለቀ።

ሁለት ቀን ሆነው ውሃ ካልቀመሰ፤
ጅማቱ እንዲታይ፣ ቆዳው እየሳሳ፣
ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣
ከቧንቧው ስር ቆሟል፤ የውሸት ዝናብ ወርዶ
ያረጥበዋል እንጂ እሱ አፉን ገጥሟል፤
ጠብታው ከከንፈሩ ደርሶ ይመለሳል።
«ትንሽ ጎንጨት በል» ስል ብርጭቆ ይዤ፣
ሳቀ አዘጋጁ፦ «ወንድ አይደል እንዴ!»

ሴልቪም አለችልህ፣ የድራማው እመቤት፤
የእሷን አንገትጌ ሁለት ጣት ወደ ላይ
እሰፋለሁ እኔው፣ ተቆጣጣሪው እንዳያይ።
በአንዱ ትዕይንት፣ በአንዱ አልጋ ላይ
የእሷ ትከሻ በጉም ተሸፈነ፤
የእሱ እምብርት ግን የትራም ጌጥ ሆነ፣
ከተማውን ይዞራል።
ሴልቪን አትቅኑባት፤ ጉሙ አላዳናትም፤
ባልታየ ትከሻ ስድብ አልቀረላትም።
ማታ ስትገባ ቁልፏን በጣቶቿ መሐል
እንደ ጩቤ ይዛ ነው፤ እሱ እያፏጨ ይሄዳል።
እኔ ሁለቱንም ቁልፎች አውቃቸዋለሁ፤
የቱ እንደሚከብድ ግን መመዘን አቅቶኛል።

በኅዳር ግድም ነው፣ በማክሰኞ ምሽት፣
ታይላን ተጋበዘ ወደ ወሬ ትርኢት።
አቅራቢዋ ሩህሳር፣ ወግ አዋቂ የተባለች፣
«እውነት ነው ወይስ ቀለም? ላረጋግጥ» እያለች
እጇን ሰደደችው ከሸሚዙ በታች።
ሦስት መቶ ሴት ጮኸ። አዳራሹ ሳቀ።
ታይላንም ሳቀ።
ጥርስ ባዳ ነው፤ እኔ ግን አየሁበት
ጉልበቱን ሲገጥም፣ ጆሮው ሲቀላበት።

ዓምና፣ በዚያው ወንበር፣ በዚያው መብራት፣
አንድ ሸበቶ አቅራቢ የሴልቪን ጉልበት
በአንድ ጣት ቢነካ፣ ሳይነጋ ተባረረ።
ደግ አደረጉት! ደስ ብሎኝ ነበረ።
ዘንድሮስ ማን ይባረር? ማንን ልክሰስ እኔ?
ሱፍ እየቆረጠምሁ፣ ከሶፋዬ ሆኜ፣
ከሦስት መቶው ጋር አጨብጭቤያለሁ።

በማግሥቱ መጣ ልብስ ሊለካ ጧት።
ሸሚዙን ዘረጋሁ። አላወለቀም። ጥቂት
ቆመና፣ «እትዬ ሙአዘዝ» አለ፣
«ፊትሽን ታዞሪልኛለሽ?»
አሥራ ስድስት ዓመት ገላ ሳለብስ
አንድም ወንድ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።
ዞርሁ።
«አቤቱታ አታስገባም?» አልሁት ግድግዳውን።
ከኋላዬ ሸሚዙ ኮሽ ኮሽ ሲል ሰማሁ።
«ምን ብዬ?» አለኝ። «ወንድ አይደለሁ እንዴ?»

ያን ዕለት ማታ ክሩን አራት አድርጌ፣
ምራቄን ቀብቼ፣ በጥርሴ በጥሼ፣
ስድስቱንም ቁልፍ ጥርቅም አድርጌ ሰፋሁ።
ቀረጻ ተጀመረ። ሴልቪ ያዘች፣ ሳበች፤
እምቢ አለ። ደግማ ሳበች፤
ኮሌታው ሄደ፣ እጅጌው ተተረተረ፣
ቁልፉ ግን ወይ ፍንክች!
መጀመሪያ የሳቀው ታይላን ራሱ ነው፣
እስከ ዓይኑ ድረስ፤ ከዚያ ሴልቪ፤ ከዚያ መብራት ያዡ።
«ቁም!» አለ አዘጋጁ። አልሳቀም እሱ።
መቀስ አስመጣ።
ለማን እንደሰጠ ልንገራችሁ?
ለእኔ።
«ስድስት ናቸው» አለኝ፣ «ቶሎ በያቸው፣ መብራት ይቆጥራል።»
ታይላን ጣሪያውን አየ።
ቆረጥሁ።